ስለ ኩላሊት ሥራ ለእድራችን አባላት የተደረገ ንግግር



ኩላሊታችን ሁለት ነው። እያንዳንዱ ጭብጥ ያህል ሆኖ በጀርባ በኩል ከጎድን አጥንት ግርጌ በግራና በቀኝ ይገኛል። ሥራው እንደ ጠላ ማጥለያ ነው። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራና የሚጠቅመውን መልሶ ወደ ደም ያስገባል፤ በሽንት የሚወጣው 1 ወይም 2 ሊትር ብቻ ነው። ጉድ አይደለም?

የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ይህን ማጣሪያ ቀስ በቀስ ያበላሹታል፤ ኩላሊት ደግሞ ክፉኛ እስኪጎዳ ድረስ ብዙ ጊዜ ምልክት አይሰጥም። «ደኅና ነኝ» እያላችሁ የግፊት ኪኒን የምታቋርጡ እናቶችና አባቶች፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ኩላሊት ሥራውን ካቆመ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን ደምን በመሣሪያ ማሳጠብ ይመጣል፤ ይኼን የእድራችን ሣጥን አይችለውም። ያልተለካ ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊቱን ይለካ፤ ኪኒን የጀመረም ሐኪሙ ሳያዝ አያቋርጥ።