ስትሬፕቶማይሲንና የተገኘበት አፈር



የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ደረቁን መሬት ሲያርሰው ከአፈር የሚነሣውን ሽታ የማያውቅ የለም። ይህን ሽታ በአብዛኛው የሚያመነጩት ስትሬፕቶማይሲስ የተባሉት የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው። የሳንባ ነቀርሳን ሕክምና የለወጠውም መድኃኒት የተገኘው ከእነዚሁ ወገን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ በረትገርስ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ሰልማን ዋክስማን ሥር ይማር የነበረው የ23 ዓመቱ አልበርት ሻትስ ሁለት የስትሬፕቶማይሲስ ዝርያዎችን ለየ፤ አንዱን ፍግ ከበዛበት የእርሻ አፈር፣ ሌላውን ከዶሮ ጉሮሮ ከተወሰደ ናሙና። ሁለቱም የሚያመነጩት ስትሬፕቶማይሲን፣ ፔኒሲሊን ያልበገረውን የነቀርሳ ባክቴሪያ ገታው። በ1952 የኖቤል ሽልማት ለዋክስማን ብቻ መሰጠቱ ግን በምድር ቤት ላቦራቶሪ ለደከመው ተማሪ ፍትሐዊ አልነበረም።

ከግኝቱ ይልቅ ለሐኪምና ለላቦራቶሪ ባለሙያ ትምህርት የሚሆነው በኋላ የታየው ነው። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1947 በጀመረው ጥናት፣ መድኃኒቱ ለሁሉ የማይበቃ ስለ ነበር፣ 107 ሕሙማን በዕጣ ተከፈሉ። 55ቱ ስትሬፕቶማይሲን ከአልጋ ዕረፍት ጋር፣ 52ቱ ዕረፍት ብቻ ታዘዘላቸው። በስድስት ወር ውስጥ ከፊተኞቹ 4፣ ከኋለኞቹ 14 ሞቱ። ደስታው ታላቅ ነበር። ዳሩ ግን ወራት ሳይቆይ በብዙዎቹ ታካሚዎች አክታ ውስጥ መድኃኒቱን የሚቋቋም ባክቴሪያ ተገኘ፤ በአምስተኛው ዓመት ሲቈጠርም ከ55ቱ 32፣ ከ52ቱ 35 ሞተው ነበር። ያ ሁሉ ብልጫ ወደ ጥቂት ሰዎች ወርዶ ነበር ማለት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በታመመ ሳንባ ውስጥ ካሉት እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች መካከል፣ መድኃኒቱ የሚይዘው ስፍራ በአጋጣሚ የተለወጠባቸው ጥቂቶች አይጠፉም፤ መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል ለእነዚህ ቦታ ያስለቅቅላቸዋል። ፓስ የተባለው ሁለተኛ መድኃኒት አብሮ ሲሰጥ ግን አንዱን ያመለጠ በሌላው ይያዛል፤ በ1950 የታተመው ጥናትም ይህንኑ አረጋገጠ።

ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ በኤንዛይም ይከላከላሉ፤ ነገሩም ወደ አፈሩ ይመልሳል። ስትሬፕቶማይሲንን የሚሠራው ባክቴሪያ በራሱ መርዝ የማይሞተው፣ በመድኃኒቱ ላይ ፎስፌት ለጥፎ የሚያመክን ኤንዛይም ስላለው ነው። በ1973 ቤንቬኒስትና ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶችን የሚያመክኑ የአፈር ባክቴሪያ ኤንዛይሞች፣ ከሕሙማን በተወሰዱ መድኃኒት ተቋቋሚ ባክቴሪያዎች ውስጥ ከሚገኙት ጋር እንደሚመሳሰሉ አሳዩ። ማምከኛው ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ አፈር ውስጥ፣ ሻትስ ናሙናውን ከመውሰዱ እጅግ አስቀድሞ ይኖር ነበር።