የሌለው ማናጀራችን



አምስት ሴቶች የነበርንበትን ባንድ የምታስታውሱ አትጠፉም። ለድግስ ሥራ ስንዋዋል "ልጆች፣ ኃላፊያችሁ የታለ?" ይሉናል። እኛም አንድ ማናጀር ፈጠርን። ሁሌ "ከከተማ ወጥቷል"፤ ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ስንለማመጥ የከረምንበት ቀብድ በእሱ ደብዳቤ በማግስቱ ተከፈለን!

የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፦ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዊችሲ የተባለውን የሥዕልና የዕደ ጥበብ መሸጫ ድረ ገጽ ያቋቋሙት ሁለት ሴቶችም ኪት ማን የሚባል የሌለ ወንድ ሸሪክ ፈጥረው በስሙ ኢሜይል ይጽፉ ነበር። መልሱ ፈጠነላቸው።

ዛሬም ተረኛ ሆኜ "ሲስተር፣ ዶክተሩ መቼ ይመጣል?" እባላለሁ። አሁን ግን ማናጀር አልፈጥርም። "ዶክተሯ እኔ ነኝ፤ ምንዎን ነው የሚያምዎት?" እላለሁ።

መምህሮቻችን፣ ሴት ተማሪዎቻችሁ በገዛ ስማቸው እንዲፈርሙ አደራ!