ለጨዋታ የተሠራ አዲስ ላፕቶፕን ስለ ማሰናዳትና ትርፉን ስለ ማራገፍ



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከብዙ ቤት የገባ፤ የብዙ ወር ደመወዝ የሚበላ፤ ብዙ አባትና እናትም ከልጆቻቸው ጋራ የሚከራከሩበት ነገር ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ጆሮአችሁን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። ጉዳዩም ለኮምፒዩተር ጨዋታ ተብሎ የተሠራ ላፕቶፕ ተገዝቶ ወይም ከውጭ አገር ተልኮ ከቤት በገባ ጊዜ እንዴት መሰናዳት እንደሚገባው፤ በውስጡ ታጭቆ ከሚመጣው ፕሮግራምም የትኛው መነሣት፤ የትኛው መጠበቅ እንዳለበት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ ወደ መቀሌ ስሄድ፤ በውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ለእኅታችን ልጅ የላከውን እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ከአዲስ አበባ ይዤ ሄድሁ። ያረፍሁትም በ1879 ዓ.ም. በዶጋሊ የኢጣልያን ጦር ድል ባደረጉት በራስ አሉላ እንግዳ ስምና በፈረስ ስማቸው በተጠራው በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ወደዚህ ማረፊያ የሚደረገው የመንገደኛ በረራ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበረና የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ በታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደ ገና እንደ ተጀመረ ታስታውሳላችሁ። የእኅቴ ልጅም እንደ ከተማው ልጆች ሁሉ፤ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ጦርነቱ ተጨምሮበት፤ ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታ ተለይቶ ነበር። ዛሬ ቁመቱ ከክፍሉ ልጆች በላይ ነው።

ልጁና እናቱ ከመቀበያው አዳራሽ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «አጎቴ፤ በደኅና ገቡ? መንገዱስ እንዴት ነበር?» አለኝና ዐይኑን ከሻንጣው ላይ ጣለ። ከዚያው ከአዳራሹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊከፍተው ፈለገ። እናቱ ግን ፊቷ ጠቆረ። «ሦስት ዓመት የባከነው ሳያንስ አሁን ደግሞ የጨዋታ መሣሪያ! አንተስ ምን ብለህ ተሸክመህ መጣህ?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ከእርስዋ ጋራ ነበርሁ። ሆኖም ወንድም ለዘመድ የላከውን ዕቃ መመለስ ነውር ስለሆነ አንድ ውል አደረግን። ይኸውም ልጁ ከእኔ ጋራ ሆኖ መሣሪያውን ያሰናዳል፤ የሚያነሣውንና የሚተወውን ፕሮግራም ሁሉ በደብተር ይጽፋል፤ ምክንያቱንም ለእናቱ ያስረዳል። ማስረዳት ካቃተው መሣሪያው ከቁም ሣጥን ገብቶ ይቆለፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በመጀመሪያ ስለ ጉዞው ልናገር። ለጨዋታ የተሠራ ላፕቶፕ ከተራው ይከብዳል፤ ብዙዎቹ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ባትሪያቸውም ትልቅ ነው። በአየር ጉዞ ደንብ መሠረት መንገደኛ ያለ ልዩ ፈቃድ ይዞ የሚሳፈረው የሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ነው፤ ከ100 እስከ 160 የሚደርሰው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ የበለጠው ከመንገደኛ ጋራ አይሄድም። የብዙ ትልልቅ ላፕቶፖች ባትሪ 99 ዋት ሰዓት ላይ የሚቆመው በዚሁ ምክንያት ነው። ቁጥሩ ከመሣሪያው ወይም ከመግለጫው ላይ ስለሚገኝ ከመንገድ በፊት አንብቡት። ላፕቶፑንም ከእጃችሁ አትለዩት፤ ባትሪ ቢግል ወይም ቢቃጠል ሰው ካለበት ክፍል ቶሎ ይታያል፤ ከዕቃ መጫኛው ውስጥ ግን ማንም አያየውም።

ከቤት በገባ ጊዜ ደግሞ ከራሱ ቻርጀር በቀር በሌላ አትሞክሩት። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ በአገራችን 220 ቮልት ያለ ችግር ይሠራል። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ግን ከመሣሪያው በፊት ስታብላይዘር ግዙ። ዋጋው ከላፕቶፑ ዋጋ ጋራ ሲመዛዘን ጥቂት ነው።

ቀጥሎ መሣሪያው ሲከፈት ጥያቄ ያዥጎደጉዳል። ያለህበትን ቦታ ልወቅ? የምትሠራውን ለፋብሪካው ላስታውቅ? የማስታወቂያ መለያ ቁጥር ልስጥህ? ይላል። እኛ የቢሮ ሰዎች ያላነበብነውን ወረቀት አንፈርምም፤ ከዚህም ላይ «እሺ» የሚለውን ቁልፍ ሳያነቡ መጫን ያው ሳያነቡ መፈረም ነው። አብዛኛውን «አይሆንም» ብትሉ መሣሪያው ከሥራው አይጎድልም። በዚያው አጋጣሚ የአማርኛውን የፊደል ገበታ ጨምሩ። የኢትዮጵያ ፊደል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ስለ ገባ፤ የዛሬ ላፕቶፕ አማርኛና ትግርኛ ለመጻፍ ሌላ ፕሮግራም መግዛት አያሻውም።

እንግዲህ ስለ ማራገፉ። በአገራችን የሰንጠረዥ ጨዋታ፤ ገና ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠሮቻቸውን እንደ ፈለጉ ያሰልፋሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። ተራ የሚጠበቀው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። በወረራው ጊዜ ያልተሰለፈ ጠጠር ኋላ የራሱን ንጉሥ መንገድ ይዘጋል። አዲስ ላፕቶፕም እንዲሁ ነው። ከፋብሪካው የሚመጣው ባዶውን አይደለም። የሶፍትዌር ነጋዴዎች ዕቃቸው ከአዲስ መሣሪያ ላይ እንዲጫንላቸው ለፋብሪካው ይከፍላሉ። ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ ብቻ በነጻ የሚሠራ የቫይረስ መከላከያ፤ የሙከራ የቢሮ ፕሮግራም፤ የገበያ ማስታወቂያና ያልጠየቃችሁት ጨዋታ ተሰብስቦ ይጠብቃችኋል። ግማሹ ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ ይነሣል፤ ሜሞሪውንም ይሻማል።

ነገሩ የፍጥነት ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 መጨረሻ እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ ሌኖቮ የተባለው ፋብሪካ በአንዳንድ ላፕቶፖቹ ላይ ሱፐርፊሽ የሚባል የማስታወቂያ ፕሮግራም ጭኖ ይሸጥ ነበር። ይህ ፕሮግራም ማስታወቂያ ለማስገባት ሲል በተጠቃሚውና በድረ ገጾች መካከል ያለውን የተመሰጠረ ግንኙነት ጠልፎ ያነብ ነበር። ምስጢራዊ ቁልፉም በሁሉም ላፕቶፖች ላይ አንድ ስለ ነበረ፤ ያንን ቁልፍ ያገኘ ሌባ የባንክ ገጽ መስሎ ሰውን ለማታለል ይችል ነበር። በ2017 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን ከኩባንያው ጋራ በስምምነት ዘጋው። ሳይፈለግ የተጫነ ነገር ምን ጊዜም ገር ነው ማለት እንዳይቻል ይህ ምስክር ነው።

ታዲያ በምን ቅደም ተከተል ይሠራ? አንደኛ፤ ምንም ሳይነካ የማዳኛ ፍላሽ ይዘጋጅ። ይህ በዊንዶውስ ውስጥ ባለው በራሱ መሣሪያ የሚሠራ ሲሆን ከ16 እስከ 32 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ይበቃዋል። ሁለተኛ፤ የዊንዶውሱና የስክሪን ካርዱ ማሻሻያ ይውረድ። ይህ ብዙ ጊጋባይት ሊፈጅ ይችላል፤ አንድ ታላቅ ጨዋታ ደግሞ ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። የዳታ ጥቅላችሁ እንዳያልቅ ግንኙነቱ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን ከሴቲንግስ ውስጥ አመልክቱ። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር፤ የመሥሪያ ቤት ኢንተርኔት የባለጉዳይ ማስተናገጃ እንጂ የልጆቻችን ጨዋታ ማውረጃ አይደለም። ሦስተኛ፤ ትርፉ ፕሮግራም አንድ በአንድ ይነሣ፤ ከእያንዳንዱም በኋላ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ይከፈት። ሁሉን ባንድ ቀን ያነሣ ሰው ብልሽት ሲመጣ ከየትኛው እንደ መጣ አያውቅም። አራተኛ፤ መቆየት ካለባቸውም መካከል ሲከፈት አብረው መነሣት የማያሻቸው ታስክ ማናጀር ከሚባለው ገጽ ላይ ይከልከሉ።

የሙከራው የቫይረስ መከላከያ ሲነሣ የዊንዶውስ የራሱ መከላከያ በቦታው ስለሚተካ አትሥጉ። በአንጻሩ የስክሪን ካርድ፤ የድምፅና የኔትወርክ ድራይቨሮችን፤ እንዲሁም ቪዡዋል ሲ የሚል ስም ያላቸውን አትንኩ፤ ሌሎች ፕሮግራሞች በእነርሱ ይደገፋሉ። ደግሞም «ኮምፒዩተርህን በአንድ ጊዜ አጸዳልሃለሁ» እያለ የሚመጣን ፕሮግራም አትመኑ። ትርፍን ለማንሣት ሌላ ትርፍ ማስገባት ነውና።

ከዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። በሦስተኛው ቀን ከዝርዝሩ ውስጥ የፋብሪካው ስም ያለበት አንድ ፕሮግራም አገኘሁና «ይህም ማስታወቂያ ነው፤ ይነሣ» ብዬ አዘዝሁ። ልጁ «አጎቴ፤ እስኪ መጀመሪያ ምን እንደሚሠራ እንይ» አለኝ። እኔ ግን ታላቅነቴን ተመክቼ አስነሣሁት። ማታ ጨዋታ ሲከፈት መሣሪያው እንደ ምጣድ ጋለ፤ ሥዕሉም ይንቀረፈፍ ጀመር። ለካስ ያ ፕሮግራም የማራገቢያውን ፍጥነትና የኃይሉን ደረጃ የሚያዝዘው ኖሮአል፤ እርሱ ሲነሣ ማራገቢያው ከዝግታው ደረጃ ላይ ቀርቶ ነበር። ልጁ ከፋብሪካው ገጽ አውርዶ መለሰውና እንዲህ ሲል አስረዳኝ። «እዚህ አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላን እንኳ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ እኛ ዘንድ ረዘም አድርጎ ሮጦ ይነሣል። ማራገቢያውም እንደዚያው የበለጠ መሥራት አለበት።»

ነገሩ እውነት ነው። የመቀሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። አዲስ አበባም ብትሆን ከዚያ የማትተናነስ ስለሆነች ምክሩ ለሁላችንም ይሆናል። ላፕቶፑን ከአልጋና ከብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት፤ ከበስተኋላው ከፍ አድርጉት፤ የአየር መግቢያውን ከአቧራ ጠብቁት። ሁልጊዜ ከመብራት ጋራ ተያይዞ የሚውል ከሆነም ባትሪው ከመቶ 80 ላይ ሲደርስ መሙላቱን እንዲያቆም እዘዙት፤ ዕድሜው ይረዝማል። ይህንንም የሚያዝዘው ብዙ ጊዜ ያው እኔ ያስነሣሁት ዐይነት ፕሮግራም ነው።

የውሉ ቀን በደረሰ ጊዜ ልጁ ደብተሩን ይዞ ከእናቱ ፊት ተቀመጠ። የትኛውን እንዳነሣ፤ የትኛውን እንዳቆየ፤ ስለ ምንም እንደሆነ አንድ በአንድ ተናገረ። የእኔንም ስሕተት በትሕትና፤ ስሜን ሳያነሣ፤ «በችኮላ የተነሣ» ብሎ መዝግቦት ነበር። እኅቴ ብዙውን ነገር አልተከተለችውም፤ ነገር ግን ልጅዋ ከመጻሕፍቱ በተለየ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ያጣችውን አንድ ነገር አየች። ይኸውም አንድን ሥራ ጀምሮ፤ ምክንያቱን አውቆ፤ መጨረሱን ነው። ስለዚህ ጨዋታው ለቅዳሜና ለእሑድ ከሰዓት በኋላ ተፈቀደ። በሌሎቹ ቀኖች በዚያው ኃይለኛ ስክሪን ካርድ፤ ብሌንደር በተባለው በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም፤ የሚንቀሳቀስ ሥዕል መሥራት እንዲማር ተስማማን።

የምመለስ ዕለት ሁለቱም እስከ አሉላ አባ ነጋ ሸኙኝ። ከፍተሻው በር ስንሰነባበት እኅቴ «ያን ቁም ሣጥን መቆለፊያ ሳልገዛለት ቀረሁ» ብላ ሣቀች። ልጁም ደብተሩን በብብቱ እንደያዘ ነበር።

ክቡራን አድማጮች፤ መሣሪያ ገዝቶ መስጠት ቀላሉ ነገር ነው። ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ፤ «ይህ ምን ይሠራል? ይህስ ለምን ይነሣል?» ብሎ መጠየቅ ግን ገንዘብ አይገዛውም። ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት ለዚህ ብትሰጡ፤ ትርፉን ከመሣሪያው ላይ ታራግፋላችሁ፤ ከራሳችሁም ላይ የማታውቁትን ነገር መፍራት ታነሣላችሁ። ልጁ «እስኪ መጀመሪያ እንይ» ካላችሁም እንደ እኔ አትቸኩሉ።