የልጅ ናፍቆት በወረርሽኙ ዘመን
(በደብረ ታቦር ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)





የኮሮና ተሕዋሲ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተነገረ፤ በዚያው ወር በ30ኛው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስለ እጅ መታጠብና ስለ አካላዊ ርቀት ብዙ አስተማርን። ልጅ አጥተው የሚያዝኑትን እናቶች ግን አላሰብናቸውም።

የእነዚህ እናቶች መተንፈሻ ቅዳሴው፣ ጠበሉ፣ የጽዋው ማኅበርና የጎረቤት ቡና ነበር። ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራቀ። ስእለት የሚገባበት የግንቦት ልደታ እንኳ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለበት ወቅት ዋለ። አማት ከምትጠይቅበት፣ ባል ዝም ከሚልበት ቤት መውጫው ጠፋ። ከጥያቄ ያረፉ ጥቂቶች እንደነበሩ አንክድም፤ በየማኅበሩ «ወልዳችሁ ሳሙ» ብለን የምንመርቀው እኛው ነንና። በስብከት የምንጠራው «መካን» የሚለው ቃልም ከመጽሐፍ ቢመጣ፣ በሰፈር ስድብ ሆኗል።

ሕክምናውም ራቀ። በመንግሥት ሆስፒታል ከማኅፀን ውጭ ጽንስ የማስጀመር አገልግሎት በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነበር። ከዚህ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዓመቱ የሕዝብ ማመላለሻዎች በግማሽ እንዲጭኑ ታዘዘ። ዕድሜዋ 35 ላለፈ ሴት የወራት መዘግየት ቀላል አይደለም።

አባቶቻችን፣ ሐናን እናስታውስ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ባይሰማው ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ገሠጻት። ስትመልስለት ግን ሰማት፤ ባርኮም በሰላም አሰናበታት። ፊቷ የፈካው በዚያች ሰዓት ነው፤ ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም ነበር።

እንቅልፍ ያጣችውን፣ ምግብ የተወችውን፣ ከሰው የሸሸችውን፣ ይልቁንም መኖርን የጠላችውን እኅት «እምነትሽ ጎድሎ ነው» አንበላት። ጠበሉን ሳትተው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል እንድትሄድ እንምከራት፤ የምትፈራ ከሆነም የምታምናት ሴት ታድርሳት።

ባልና ሚስት አንድ ዓመት አብረው ኖረው ጽንስ ካልመጣ ሁለቱም ይመርመሩ። መንሥኤው ከወንዱ በኩል የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በአገራችን ግን ሳይመረመር ሚስቱን ፈትቶ ሌላ የሚያገባ አለ። ይህን ለባል ሊነግረው የሚችል የንስሐ አባቱ ነው፤ ለብቻው፣ እናቱ በሌለችበት።