ከልብስ አጣቢዎቹ በታች

የዛሬ የሳይንስ ተመራቂዎችና ልጆቻችሁን ለዚህ ቀን ያበቃችሁ ወላጆች፦

ስለ ሳይንስ ጥቅም በጥቅሉ አልናገርም፤ ስትሰሙት ኖራችኋል። ይልቅ አንድ ምርምር ከመነሻው ጀምሬ ላጫውታችሁ፤ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በእንዶድ ላይ የሠሩትን።

እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ዐድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ የውኃ ቀንድ አውጣዎችን ያጠኑ ነበር። የበሽታውን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ለወላጆች ግን ላስረዳ። በሽታው ያለበት ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውኃ ውስጥ ይገባል። የሚፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ይወጣና ውኃ የሚቀዳውን፣ የሚዋኘውን፣ ልብስ የሚያጥበውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። አንጀትና ጉበት ይጎዳል፤ ልጆችን ያቀጭጫል። ቀንድ አውጣው ከሞተ ግን ትሉ የሚራባበት ቦታ ያጣል።

አክሊሉ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ ከሌላው የወንዙ ክፍል ይበዛል። ከአጣቢዎቹ አንዷን፣ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በያዘ ዕቃ ውስጥ የእንዶዱን አረፋ ጠብ እንድታደርግላቸው ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ያን ወንዝ ብዙ የተማረ ሰው ተሻግሮታል፤ እንዶድንም ከእናቱ ቤት የማያውቅ አልነበረም። እሳቸው ግን የላይኛውን ውኃ ከታችኛው ጋር አስተያዩ። ጥያቄው የተነሣው ከሴቶቹ የዕለት ሥራ ነው፤ ይህን ውለታ ሳይንሳችን ሊረሳው አይገባም።

የወንዙ ዳር ታሪክ ደስ ስለሚል ብዙ ጊዜ ይነገራል። እኔ የማከብረው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። የእንዶዱ ፍሬ መቼ ይለቀም? ምን ያህሉ በስንት ውኃ ይበጥበጥ? ከየአካባቢው ከሚበቅለው እንዶድ የትኛው ይበረታል? ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ የመጨረሻ ጥያቄ ዓመታት ሰጥተው፣ ከብዙ ዓይነቶች መካከል 44 ቁጥር በሚል የሚታወቀውን መረጡ። ዐድዋ ላይ በእንዶድ ለአምስት ዓመት በተደረገው ሙከራ ደግሞ ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ወደ 7 ወረዱ። ይህ ቁጥር እንዲገኝ ሰው የሕፃናትን ሰገራ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ውሏል፤ ሌላው ቀንድ አውጣ ቆጥሯል፤ ሌላው መዝገብ ጽፏል። ተመራቂዎች፣ ከእናንተ የሚበዙት የሚሠሩት እንዲህ ያለውን ሥራ ነው። ስማቸው ከምርምር ጽሑፉ አናት ላይ ያልወጣ ሰዎች ቆጠራውን ቢያዛቡ ኖሮ ዐድዋ ላይ ምን እንደ ተደረገ ዛሬ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ያሳዝነኛል። እንዶድ ለሰውና ለከብት ጉዳት እንደሌለው ይረጋገጥ ተባለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላልና ጥንቃቄ ያሻዋል። ነገር ግን አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ምርመራ በውጭ አገር ቤተ ሙከራ ካልተደገመ የሚያምነው አልተገኘም፤ ለድግግሞሹ ደግሞ ገንዘብ የሚሰጥ ቶሎ አልመጣም። እንዲህ እያለ ዓመታት ነጎዱ። አክሊሉና ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲቀበሉ ከዚያ ወንዝ ዳር ቀን 25 ዓመት አልፎ ነበር።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ላላችሁ በጀት የምትወስኑ ሰዎች አንድ ልመና አለኝ። የታወቀ ደረጃ ያለው፣ ውጤቱን የትም አገር ያለ ባለሙያ ሊጠራጠረው የማይችል የመርዛማነት መመርመሪያ ቤተ ሙከራ ይኑረን። ሕንፃ በቀላሉ ይሠራል፤ የመሣሪያ ጥገና፣ የኬሚካል ግዥ፣ የቴክኒሻን ደመወዝ ግን ከምረቃው ሪባን በኋላ ይረሳል። ወጣቶቻችን የሚሰደዱት ገንዘብ ፍለጋ ብቻ አይመስለኝም፤ አንድ ኬሚካል እስኪገባ ወራት መጠበቅም ልብ ያደክማል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ምርምር ልገባ ነው ሲላችሁ እንደምትሰጉ አውቃለሁ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ፍሬውም ይዘገያል። ስጋታችሁ ትክክል ነው፤ ግን አትከልክሉት። ጎረቤት የእሱን እኩዮች ቤትና መኪና ሲቆጥርባችሁ ከልጃችሁ ጎን ቁሙለት።

ለእናንተ ለተመራቂዎች የቀረ ሥራ አለ። ዛሬ ለቢልሃርዝያ ፕራዚኳንቴል የሚባል ጥሩ ክኒን አለን። ሆኖም የታከመው ልጅ ወደዚያው ውኃ ስለሚመለስ እንደገና ይያዛል፤ አዲስ የመስኖ ቦይ በተቆፈረ ቁጥርም ለቀንድ አውጣው አዲስ መኖሪያ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ፣ የንጹሕ ውኃ አቅርቦቱና የቀንድ አውጣው ቁጥጥር እንዴት እንደሚቀናጁ ባዮሎጂስቱ ከውኃ መሐንዲሱና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተቀምጦ መሥራት አለበት። መረጃ ወደ ሰበሰባችሁበት መንደርም ውጤቱን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ለመጽሔት ከመላካችሁ በፊት ባይሆን እንኳ በዚያው ሰሞን። በዚህ ጉዳይ መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ከመድረኩ ስወርድ እዚሁ ስለምቆይ መጥታችሁ አነጋግሩኝ።