ዕዳው ከልጆች ማዕድ አይከፈል

(በሮብ ገበያ ለካህናት፣ ለሰበካ ጉባኤና ለሰንበቴ ማኅበራት ተወካዮች እንዲሁም ለቁጠባ ቡድን አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በየቤቱ ያለ፣ በአደባባይ ግን የማይነሣ ነው፤ እርሱም ዕዳ ነው። ቤት ለቤት ስንዘዋወር ከባለ ዕዳዎች አብዝተን የምንሰማው ቃል «ዕዳዬን ልክፈል እንጂ ምግቡስ ይደርሳል» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ሐቀኞች ስለሆኑ ነው፤ የሰው ገንዘብ ይዘው መተኛት አይወዱም። ይሁን እንጂ ከልጆች ማዕድ እየተቀነሰ የተከፈለ ዕዳ በሌላ በር ተመልሶ ይገባል። ያልጠገበ ልጅ ይታመማል፤ የታመመ ልጅ ሕክምና ይፈልጋል፤ ለሕክምናው ደግሞ እንደገና ብድር ይጠየቃል። ስለዚህ ዕዳ መክፈልና ማዕድን ማሻሻል ሁለት ሥራ ሳይሆኑ አንድ ሥራ ናቸው ብለን እናምናለን።

ይህ ሐሳብ ከእኛ የመጣ አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የአንዲት መበለት ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ባሏ ዕዳ ትቶባት ሞተ፤ አበዳሪውም ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ብትጮኽ ነቢዩ አስቀድሞ የጠየቃት በቤቷ ምን እንዳለ ነው። ከጎረቤት እንድትበደር ያዘዛትም ባዶ ማድጋ እንጂ ገንዘብ አልነበረም። ዘይቱንም ከልጆቿ ጋር በሯን ዘግታ ቀዳች። በመጨረሻ የተሰጣትን ትእዛዝ ልብ እንበል፤ ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነው። ዕዳው ተከፈለ፤ ልጆቹም በሉ።

ዛሬ ልጅን በዕዳ ባሪያ አድርጎ የሚወስድ የለም። ነገር ግን የወላጁን ዕዳ ለማቃለል ከትምህርት ቤት ወጥቶ በሰው ቤት እረኝነት የሚቀጠር ልጅ አለ። መሬቱን ለዓመታት አከራይቶ በገዛ ማሳው የቀን ሠራተኛ የሚሆን ገበሬም አለ። የመበለቲቱ ታሪክ ከእኛ የራቀ አይደለም።

እናንተ የምትኖሩበት ሲናን ወረዳ በጮቄ ተራራ ሥር ያለ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች የሚበቅልበት ደጋ ነው። ጎጃም በእህል የሚታወቅ አገር ነው። ሆኖም በ2008 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ከ100 ሕፃናት 46ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ፣ የቀነጨሩ ነበሩ። በአገር አቀፍ ደረጃ ቁጥሩ 38 ነበር። እህል የሚተርፈው አገር ከሌላው የበለጠ የቀነጨረ ልጅ ከያዘ ችግሩ የምርት ማነስ ብቻ ሊሆን አይችልም። ምርቱ ከቤት የሚወጣበትን በር መመርመር ይገባናል።

የመጀመሪያው በር ያለ ጊዜው የሚደረግ ሽያጭ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሁሉም እህሉን ወደ ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቃል። ባለ ዕዳው ግን የማዳበሪያው፣ የሱቅ ዱቤውና የአራጣው ቀን ስለ ደረሰበት በዚያው በወደቀ ዋጋ ይሸጣል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ራሱ የሸጠውን እህል በተወደደ ዋጋ ለመግዛት እንደገና ይበደራል። በዚህ መንገድ ዕዳው በየዓመቱ ይታደሳል።

ሁለተኛው በር ድግስ ነው። ሠርግ፣ ክርስትናና ተዝካር የሚከበሩ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ለሞተው ወገናችን የሚጠቅመው ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ቅዳሴውና ምጽዋቱ ነው፤ የጠላው ጋን ብዛትና የበሬው ስብ አይደለም። ለአባት ተዝካር ብሎ የልጅ ልጆቹን የሚያስርብ፣ አባቱን አላከበረም። አባቶቻችን ካህናት ይህን በዐውደ ምሕረት ቢያስተምሩ ከእኛ ንግግር ይልቅ የእነርሱ ቃል ይሰማል፤ ድሀው «ምን ይሉኛል» ከሚለው ፍርሃት የሚወጣው በእነርሱ ድፍረት ነውና።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው በር አራጣ ነው። አንድ ቤት በሚያዝያ መጀመሪያ 5,000 ብር በወር 10 በመቶ ተበደረ እንበል። ታኅሣሥ እስኪገባ በ8 ወር የሚከፍለው ወለድ 4,000 ብር ይሆናል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2479 አበዳሪ በዓመት ከ12 በመቶ የበለጠ ወለድ እንዳይዋዋል ይከለክላል። በዚህ ልክ ቢሰላ የዚያው ገንዘብ የ8 ወር ወለድ 400 ብር ብቻ ነበር። ልዩነቱ 10 እጥፍ ነው። አራጣ በወንጀል ሕጉም የሚያስቀጣ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ዝም አላለችም። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ካወጧቸው ቀኖናዎች 17ኛው በወለድ የሚያበድር ካህን ከክህነቱ እንዲሻር ያዝዛል። በግእዝ «ርዴ» የምንለውን ወለድ ግሪኮች «ልደት» በሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠሩታል፤ ገንዘብ ገንዘብን ይወልዳልና። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ይህን አንሥቶ ሲያስተምር አበዳሪውን ብቻ አልገሠጸም፤ ተበዳሪውንም ከመበደሩ በፊት በእጁ ያለውን ዕቃና ከብት እንዲሸጥ፣ ነጻነቱን ግን እንዳይሸጥ መክሮታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሥራውን ከቀላሉ እንጀምር።

በቅድሚያ ባልና ሚስት ተቀምጠው ዕዳውን ሁሉ በአንድ ደብተር ይጻፉ። ከማን፣ ስንት፣ በምን ወለድ፣ ለመቼ የሚለው ይስፈር፤ ማንበብ የማይችሉ የተማረ ልጃቸውን ያስጽፉ። ሚስት የማታውቀው ዕዳ፣ ባል የማያውቀው ዱቤ የሚገለጠው አበዳሪው በር ላይ ሲቆም ነው፤ በዚያን ጊዜ ከገንዘቡ ይልቅ መተማመኑ ይጠፋል። ብዙ ጠብ የሚነሣው ከድህነት ሳይሆን ከተሸሸገ ዕዳ ነው።

ቀጥሎ አራጣው ይቅደም። የዘመድ ብድር ይታገሣል፤ የማኅበርና የባንክ ብድር የታወቀ ልክ አለው፤ አራጣ ግን በየወሩ ይወልዳል። ሽማግሌና የንስሐ አባት ይዞ አበዳሪውን መለመን ነውር የለበትም። ወለዱ ቆሞ ዋናው ገንዘብ በየምርቱ እየተከፈለ እንዲያልቅ መስማማት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ምርት ሲገባ አስቀድማችሁ የቤቱን ቀለብና የዘሩን ለዩ፤ ዕዳ የሚከፈለው ከቀሪው ይሁን። የተለየውን ነቀዝ እንዳይበላው አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ብታስቀምጡት ያለ ኬሚካል ይቆያል። በጥር ሊሸጥ የነበረው ሁለት ኩንታል በጎተራ ቢቆይ የነሐሴ ብድር አይኖርም።

አራተኛ፣ ትንሿን ገንዘብ አትናቋት። በየገበያው ቀን ለአረቄ የሚወጣ 30 ብር በዓመት 1,560 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በቁጠባ ቡድን ሣጥን ቢገባ ለችግር ጊዜ በአነስተኛ ወለድ የምትበደሩት እርሱ ነው፤ ወለዱም የእናንተው የአባላቱ ሀብት ሆኖ ይቀራል። መበለቲቱ ከጎረቤቶቿ ማድጋ እንደ ተዋሰች፣ እናንተም እርስ በርስ የምትደጋገፉበት ማድጋ ይህ ነው።

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን በቀን ከ8 የምግብ ምድቦች ቢያንስ 5ቱን እንዲያገኝ የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ይህ የሀብታም ምግብ ይመስላል። በእናንተ ቤት ግን እንቁጠር፤ የእናት ጡት አንድ፣ ገብስ ወይም ድንች ሁለት፣ ባቄላ ወይም አተር ሦስት፣ እንቁላል አራት፣ ከጓሮ የሚቀነጠስ ጎመን ወይም ካሮት አምስት። ከሱቅ የሚገዛ አንድም የለበትም። ጎደለ የምንለው ምግብ በጓሯችሁና በጎተራችሁ አለ፤ ረቡዕ ዕለት ግን በቅርጫት ተጭኖ ወደ ገበያ ይወርዳል፤ በእንቁላሉ ዋጋም ብስኩትና ለስላሳ ተገዝቶ ይመለሳል። እንቁላል አይሸጥ አንልም፤ ከ10 እንቁላል 3ቱ ለሕፃኑ ይቅር እንላለን።

በጾም ወራትም ቢሆን ማዕዱ ባዶ ሊሆን አይገባም። ሽሮ፣ አሹቅ፣ በቆልት፣ ሲልጆ፣ ተልባ፣ ንፍሮና ጎመን አያቶቻችን በጾም ጉልበት ያገኙባቸው ምግቦች ናቸው። ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ደግሞ ጾም አልተጣለባቸውም። ብዙ እናቶች በጾም ለሕፃኑ እንቁላልና ወተት የማያዘጋጁት ድስቱ እንዳይነካካባቸው ፈርተው ነው። መፍትሔው ለሕፃኑ የተለየች ትንሽ ድስትና ማንኪያ ናት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ስለ ጾሟ የንስሐ አባቷን ታማክር፤ ከፅንስ ጀምሮ እስከ 2 ዓመት ያሉት 1,000 ቀናት ካለፉ በኋላ የጎደለውን መሙላት እጅግ ይከብዳልና።

ስለ ቤቱ ሥርዓት አንድ ነገር እንጨምር። በብዙ ቤት አባት አስቀድሞ ይበላል፤ ልጆች ይከተላሉ፤ እናት የተረፈውን ትበላለች፤ ካልተረፈም ትተወዋለች። ነገር ግን የቤቱ ጉልበት እርሷ ናት። ሁሉም በአንድ ማዕድ ዙሪያ ቢቀመጥ የጎደለው ለሁሉም ይታያል፤ አባትም የዕዳው ክፍያ ከማን ጉርሻ ላይ እንደ ተነሣ በዓይኑ ያያል። ይህን ያየ አባት በገበያ ቀን ወደ አረቄ ቤት የሚወስደው መንገድ ይረዝምበታል።

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፤ ዕዳ በአንድ ምርት ዘመን ላያልቅ ይችላል። ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት መኸር ይጠይቃል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ግን ሕፃኑ እያደገ ነው፤ የእርሱ ዕድገት እንደ ገንዘብ ቀጠሮ አይሰጥም። አበዳሪን በሽማግሌ ማስታገሥ ይቻላል፤ የሕፃን አጥንትን ማስታገሥ አይቻልም።

ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ ስትመለሱ ሦስት ነገር እንድታደርጉ በትሕትና እንጠይቃለን። ዛሬ ማታ ባልና ሚስት ዕዳውን በደብተር ጻፉ። በሚመጣው ረቡዕ ወደ ገበያ ከመውረዳችሁ በፊት የሕፃኑን ድርሻ ለይታችሁ አስቀምጡ። የሰንበቴና የማኅበር ተወካዮችም በቀጣዩ ስብሰባችሁ የድግሱን ወጪ ስለ መቀነስ ተነጋገሩና አንድ ውሳኔ ወስኑ፤ ማንም ብቻውን እንዳያፍር በአንድነት ይጀመር።

እግዚአብሔር አምላክ ቤታችሁን ይባርክ፤ ጎተራችሁን ይሙላ፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።