ብዙ ውሾች በአንድ ፎቶ፦ የሥራችንና የክፍያችን ነገር
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የፎቶ ቡድኑን በመወከል በሒሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር)



ስለ ሠርግና ስለ ክርስትና ፎቶ ሁላችሁም ስለምታውቁ ዛሬ አናነሳውም። የምንናገረው ባለፈው ስብሰባ ሳቅ ስላስነሳው ሥራችን ነው፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ውሾችን ደጅ ላይ አንድ ላይ ፎቶ ስለ ማንሳት። ሳቁ አላስቀየመንም፤ እኛም መጀመሪያ ስቀናል። ከሳቁ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል። «ካሜራ የያዘችው ይከፈላት፤ ገመድ ይዛ የቆመችው ለምን እኩል ይከፈላታል?» ተብሏል። መልሱ ያለው ሥራው ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ ሥራውን እንንገራችሁ።

እዚህ አዲስ አበባ ሰዎች ውሾቻቸውን አንድ ላይ ለማስነሳት የሚጠሩን አብዛኛውን ጊዜ ውሾቹ ሊለያዩ ሲሉ ነው። ባለቤቶቹ ውጭ አገር ሊሄዱ ነው፤ ወይም ግቢውን ለቀው ኮንዶሚኒየም ሊገቡ ነው፤ ወይም ትልቁ ውሻ አርጅቷል። አንዲት እናት የአሥራ ሦስት ዓመት ውሻቸውን ከሁለት ልጆቹ ጋር እንድናነሳላቸው ጠርተውን ነበር። ውሻው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሞተ። ፎቶው አሁን ሳሎናቸው ውስጥ ከልጆቻቸው የምረቃ ፎቶ አጠገብ ተሰቅሏል። እንዲህ ያለ ሥራ «ካልሆነ ሌላ ቀን እንመለሳለን» አይባልበትም።

የከተማችን ውሻ ደግሞ በአብዛኛው የጥበቃ ውሻ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። በገመድ ተይዞ መሄድ አያውቅም፤ አጠገቡ ካለው ውሻ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦም አያውቅም። ስለዚህ ቀጠሮ ስንይዝ የመጀመሪያ ጥያቄያችን «ውሾቹን የሚያበላቸው ማነው?» የሚል ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለ? ባለቤትየው ስማቸውን አሥር ጊዜ ቢጠሩ ዞር የማይሉ ውሾች የቤት ሠራተኛዋ ወይም ጥበቃው ሲያፏጩላቸው ጆሯቸውን ያቆማሉ። ያ ሰው ከካሜራው ጀርባ እንዲቆምልን እንለምናለን። ጌታውን ትተው ጥበቃውን ሲያዩ አንዳንድ ባለቤት ቅር ይለዋል፤ ፎቶውን ሲያይ ግን ይረሳዋል።

ሁለተኛው ጥያቄያችን የክትባት ካርድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ካርድ ከሌለ አንሄድም፤ የክፍያው መጠን ይህን አይለውጠውም። ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሳሙና ከቦርሳችን አይጠፋም። ያላረጠች ሴት ውሻ ካለችም የምትፈልግበት ወቅት መሆን አለመሆኑን እንጠይቃለን፤ ከሆነ ቀኑ ይዛወራል፤ ወንዶቹ በዚያ ሳምንት ለማንም ፎቶ አይቀመጡም።

ውሾቹ ከተለያየ ቤት የመጡ ከሆነ ፊት ለፊት አናገናኛቸውም። እያንዳንዱን አንድ ሰው ይዞት፣ በመካከላቸው ሰፋ ያለ ርቀት ትተን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ሃያ ደቂቃ ያህል እናራምዳቸዋለን። ርቀቱን የምናጠበው ቀስ በቀስ ነው። ኳስና የምግብ ሳህን መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ከጠብ መነሻዎቹ ዋናዎቹ እነሱ ናቸውና። የሥጋ ቁራጭ ለየራሳቸው፣ ስማቸው እየተጠራ፣ ከእጅ ይሰጣል። ሙስሊም እህቶቻችን የውሻ ምራቅ እንዳይነካቸው ስለሚጠነቀቁ ካሜራውንና ብርሃኑን ይይዛሉ፤ የገመዱ ሥራ የሌሎቻችን ነው። ይህን በመካከላችን ተነጋግረን የወሰንነው ነው።

ስለ ብርሃን ብዙ አናወራም። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ የውሻ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ ከአሥር ሰዓት በኋላ እንሠራለን። ጥቁርና ነጭ ውሻ አብረው ካሉ የግንብ ጥላ እንፈልጋለን፤ ፀሐይ ላይ ነጩ ይነጣና ፀጉሩ ይጠፋል፣ ጥቁሩ ደግሞ ጥላሸት ይመስላል። ባሕር ዛፍ ሥር ግን አንቆምም። በቅጠሉ መካከል የሚያልፈው ብርሃን ውሻውን ሁሉ ነብር ያስመስለዋል።

አቀማመጡ ላይ ግን ጊዜ እንወስዳለን። መጀመሪያ የሚቀመጠው ሽማግሌው ወይም ረጋ ያለው ነው፤ እሱ ራሱ የሚወደው ቦታ ላይ። ሌሎቹ እሱን ተጠግተው ይቀመጣሉ፤ ቀበጡ ቡችላ መጨረሻ ይገባል፣ ምክንያቱም ትዕግሥቱ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ትንሹን ድንጋይ ወይም ግንድ ላይ እናወጣዋለን፣ ራሱ ከትልቁ ራስ እንዲቀራረብ። የሁሉም ዓይን ከካሜራው በተቀራረበ ርቀት ላይ መሆን አለበት፤ አንዱ ወደ ኋላ ከሸሸ ይደበዝዛል። ለዚህ አፐርቸሩን 8 አካባቢ፣ ሹተሩን ቢያንስ 1/500 እናደርጋለን። ካሜራ የያዘችው መሬት ላይ ትተኛለች፤ ከላይ ሆኖ የተነሣ ውሻ ራስ ብቻ ይሆናል፣ እግሩ ይጠፋል። (የነጠላና የቀሚስ ነገር እዚህ ላይ አይሆንም፤ ሱሪ ነው።)

ከዚያ ድምፅ። የፌስታል ኮሽታ፣ የጣሳ ቅርጭምጭሚት፣ ከስልክ የሚወጣ የፍየል ድምፅ። እያንዳንዱ ድምፅ የሚሠራው አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው። ለመጀመሪያው ጊዜ ሁሉም ጆሮ ይቆማል፤ ለሦስተኛው ውሾቹ ያዛጋሉ። ስለዚህ ድምፁ የሚወጣው ገመድ የያዘችው «አሁን» ስትል ብቻ ነው። «አሁን» የምትለው እንዴት አውቃ ነው? ውሾቹን እያየች ነዋ። ካሜራ የያዘችው በትንሿ መስኮት ስታይ የውሻውን ጅራት አታይም። ገመድ የያዘችው ግን ጅራቱ በእግሩ መካከል መግባቱን፣ ከንፈሩን መላሱን፣ ፊቱን ማዞሩን፣ የዓይኑ ነጭ መታየቱን ታያለች። እነዚህ ውሻው ተጨንቋል ማለት ናቸው። ያኔ ሥራው ይቆማል፣ ውኃ ይሰጣል፣ ዕረፍት ይሆናል። ያለ ዕረፍት ከሃያ ደቂቃ በላይ አንሠራም። ሰው ተነክሶብን አያውቅም፤ ምክንያቱ እሷ ናት።

ገመዱን አንፈታም። ቀጭን ገመድ እንጠቀምና፣ ውሾቹ ከተነሱ በኋላ ካሜራው ከመቆሚያው ሳይነቃነቅ ባዶውን ቦታ ደግሞ እናነሳለን። በኮምፒዩተር ገመዱ የሚሸፈነው በዚያ ነው። አራቱም ውሾች በአንድ ቅጽበት ካላዩን የአንዱን ራስ ከሌላ ፎቶ እንወስዳለን፤ ይህን ስናደርግ ለባለቤቱ እንነግራለን።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ለምሳሌ ለአንድ ሥራ 3,000 ብር ተከፈለን እንበል። ለማኅበሩ አሥር በመቶ፣ 300 ብር። ትራንስፖርት 350፣ ሥጋና ገመድ 150። ካሜራው 60,000 ብር ቢያወጣና አምስት ዓመት ቢያገለግል የእርጅና ቅናሹ በወር 1,000 ብር ነው፤ በወር አራት ሥራ ቢኖር በአንዱ ላይ 250 ይደርሳል። የቀረው 1,950 ነው፤ ለሦስት ሲካፈል 650፣ 650፣ 650። ካሜራዋ የማኅበሩ ናት፤ ድርሻዋን በእርጅና ቅናሹ ወስዳለች። ካሜራ ለያዘችው ሌላ ጭማሪ ከሰጠን ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ መክፈል ይሆናል። ገመድ የያዘችውን ድርሻ ብንቀንስ ደግሞ ያቺ ሴት ሌላ ሥራ ትፈልጋለች፤ እኛም ውሾቹን ያለ እሷ ይዘን አንቀርብም። ቡድኑ እኩል ክፍያው እንዲቀጥል በአንድ ድምፅ ይጠይቃል፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ስትሰጡበት ይህን ቁጥር እንድታስቡት ነው።

ለሚያበሏቸው ሰዎች፣ ለጥበቃዎቹና ለቤት ሠራተኞቹ፣ አንድ አንድ የታተመ ፎቶ በራሳችን ወጪ እንሰጣለን። ወጪው ትንሽ ስለሆነ ከሦስታችን ድርሻ እያዋጣን እንሸፍነዋለን፤ ከማኅበሩ አንጠይቅም።

ከሰኔ ጀምሮ ዝናብ ስለሚገባ የውጭ ሥራ እስከ መስከረም ይቀንሳል። እስከዚያ አራተኛ አባል ማሠልጠን እንፈልጋለን። ውሻ ሲፈራ መለየት የምትችል ብትሆን ደስ ይለናል፤ ካሜራ ባታውቅም ግድ የለም። ፈቃደኛ የሆነች እህት ከሻይ ዕረፍቱ በፊት ስሟን ለጸሐፊያችን ታስመዝግብ።